ደቂቃዬን ቁረጡ፣ ደብዳቤዬን ግን አታንብቡ

ባለፈው ክረምት ለተግባር ልምምድ በተመደብኩበት መሥሪያ ቤት መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው በሩ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ላይ ነው። «በሥራ ሰዓት የግል ኢሜይልም ሆነ ኢንተርኔት መጠቀም በጥብቅ የተከለከለ ነው» ይላል። ማኅተም አለው፤ ቀንና ፊርማ ግን የለውም። ከጎኑ «ማጨስ ክልክል ነው» የሚል ሌላ ወረቀት አለ። ሁለቱም ከመቆየት ብዛት ቢጫ ሆነዋል። በየቀኑ በዚያ በር የሚገቡት ሠራተኞች ማስታወቂያውን ቢያዩት እንኳ እንደ ግድግዳው ቀለም ነው የሚያዩት።

ዛሬ ልጽፍላችሁ የተነሣሁት ስለዚህ ወረቀት ነው። ርእሱን ስነግረው «ሌላ የሚጻፍ ጠፋ እንዴ?» ያለኝ የክፍል ጓደኛ አለ። ጠፍቶብኝ አይደለም። ሁላችንም የማኔጅመንት ተማሪዎች ነን። ከጥቂት ዓመት በኋላ ከፊሎቻችን እንዲህ ያለውን ወረቀት የምንለጥፍ፣ ከፊሎቻችን ደግሞ የሚለጠፍብን እንሆናለን። ስለዚህ ከወዲሁ ብንነጋገርበት አይከፋም።

አቋሜን ከመጀመሪያው ላሳውቅ። አሠሪ የሠራተኛውን የግል ኢሜይልና ኢንተርኔት አጠቃቀም መገደብ ይችላል፤ አንዳንዴም መገደብ አለበት። መገደብ ማለት ግን የሠራተኛን ደብዳቤ ከፍቶ ማንበብ ማለት አይደለም። መገደብ ሌላ፣ ማንበብ ሌላ። ችግሩ የሚጀምረው ሁለቱ በአንድ ማስታወቂያ ተጠቅልለው ሲቀርቡ ነው።

«ሲስተም የለም»

አስቀድሜ ለአለቆቹ ልከራከርላቸው፤ እውነቱን መናገር አለብኝና።

ልምምድ በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ከመስኮቱ ውጪ ሰባት ስምንት ባለጉዳይ ተሰልፏል። ከፊት የቆሙት ከገጠር የመጡ አንድ አዛውንት ናቸው። አንዲት ማስረጃ ለማሳተም ነው የመጡት። መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ልጅ ኮምፒውተሩን ደጋግሞ ነካካና «አባባ፣ ሲስተም የለም፤ ከሰዓት ይመለሱ» አላቸው። ይህችን አባባል ያልሰማ ባለጉዳይ ያለ አይመስለኝም። ስንሰማት ኔትወርኩን ረግመን ወደ ቤታችን እንመለሳለን።

የዚያን ቀን ግን ኔትወርኩ ጥፋት አልነበረበትም። ከመስኮቱ በስተጀርባ ባለው ክፍል ሁለት ልጆች ፊልም እያወረዱ ነበር። ከሁለቱ አንዱ እኔ ነኝ።

አዛውንቱ ከሰዓት ተመልሰው መጡ። ማስረጃቸው እስኪታተም የመጨረሻው መኪና እንዳያመልጣቸው እየሰጉ ደጋግመው ሰዓት ይጠይቁ ነበር። ሰዓቱን የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ጠዋት «ሲስተም» የጠፋበትን ምክንያት ግን አልነገርኳቸውም።

ነገሩን እስቲ በቁጥር እንየው። መሥሪያ ቤቱ ያለው መስመር አንድ ነው፤ ሁሉም ይካፈለዋል። በሴኮንድ 4 ሜጋቢት በሚያስተላልፍ መስመር 1 ጊጋባይት የሆነ ፊልም ብቻውን ቢወርድ 33 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ሁለት ፊልም ከሆነ ከአንድ ሰዓት በላይ ማለት ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ የባለጉዳዩ ፋይል በተረፈው ቀዳዳ እየተጋፋ ነው የሚያልፈው።

ሁለተኛው የአሠሪ ምክንያት ደኅንነት ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2000 «አይ ላቭ ዩ» የተባለው ቫይረስ የተሰራጨው ከኢሜይል ጋር ተያይዞ ነበር። የፍቅር ደብዳቤ መስሎ ይመጣል፤ ተቀባዩ ሲከፍተው በአድራሻ መዝገቡ ውስጥ ላሉት ሁሉ ራሱን ይልካል። ከፊሊፒንስ ተነሥቶ በአጭር ጊዜ ብዙ አገር አዳረሰ። አንድ ሰው በጉጉት የከፈተው ደብዳቤ የመሥሪያ ቤቱን ኮምፒውተሮች ሁሉ ሊያስተኛ ይችላል ማለት ነው።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኗል። ይህ ለሠራተኛው ጥበቃ ነው። ይሁን እንጂ ውል ሁለት ወገን አለው። ለ8 ሰዓት ደመወዝ ተቀብሎ ሁለቱን ሰዓት በጨዋታ የሚያሳልፍ ሰው ያልሠራበትን እየበላ ነው፤ እኔንም ጨምሮ።

እንግዲህ ገደቡ ያለ ምክንያት አልመጣም። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ጽሑፍ ብቻ የያዘች አንዲት ኢሜይል 10 ኪሎባይት ብትሆን፣ እኔ ያወረድኩት ፊልም መቶ ሺህ እንዲህ ያሉ ደብዳቤዎችን ያህላል። መቶ ሺህ! በሩ ላይ ያለው ማስታወቂያ ግን ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ «በጥብቅ የተከለከለ» ይላቸዋል። መስመሩን ያነቀው ፊልሙ ሆኖ ሳለ ቅጣቱ ማን ላይ እንደወደቀ ደግሞ ቀጥዬ እነግራችኋለሁ።

የሰኞው ስብሰባ

በአምስተኛው ሳምንት ሰኞ ጠዋት ስብሰባ ተጠራ። አጀንዳው «የሥራ ሰዓት አጠቃቀም» የሚል ነው። ኃላፊው ስለ ማስታወቂያው ካስታወሱን በኋላ ከፋይላቸው ውስጥ አንድ የታተመ ወረቀት አወጡ። «ለምሳሌ ያህል» አሉና ማንበብ ጀመሩ።

የአንዲት የሒሳብ ክፍል ሠራተኛ ደብዳቤ ነው። በዕድሜ ከእናቴ የሚቀራረቡ፣ እኛ ተለማማጆቹ «እትዬ» እያልን የምንጠራቸው ሴት ናቸው። የጻፉት ቤይሩት ለምትሠራ እኅታቸው ነው። የእናታቸው ሕመም አለበት፤ የመድኃኒቱ ዋጋ አለበት፤ ገንዘቡን ማን እንደሚልክና ማን እንዳልላከ አለበት። ከዚያ በኋላ ደግሞ እኅትማማቾች ብቻ የሚባባሉት ነገር ይመጣል፤ እሱን እዚህ አልደግመውም። ኃላፊው ሦስተኛውን መስመር ሲያልፉ ሁላችንም መሬት መሬቱን ማየት ጀመርን። እሳቸው ግን እስከ መጨረሻው አነበቡት። «ይህ ሁሉ የተጻፈው በሥራ ሰዓት ነው» ብለው ወረቀቱን አጠፉት።

እትዬ ተነሡ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «አሥር ደቂቃ ወስዶብኛል፤ አልክድም። ደቂቃዬን ቁረጡ። ደብዳቤዬን ግን ለምን አነበባችሁት?» አሉ።

መልስ አልተሰጣቸውም። ወደሚቀጥለው አጀንዳ ታለፈ። ፊልም ያወረድነውን ግን ማንም ስማችንን አላነሣም። ፊልም ጮክ ተብሎ አይነበብማ!

ሦስቱ የተለያዩ ነገሮች

ከስብሰባው በኋላ የኮምፒውተር ክፍሉን ልጅ ጠየቅኩት። «እንዴት አገኙት?» ስለው ሳቅ አለና አስረዳኝ። እሱ ያስረዳኝን እኔ በሦስት ከፍዬ ላቅርበው።

የመጀመሪያው መዝጋት ነው። አንድ ድረ ገጽ ወይም አንድ ዓይነት አገልግሎት ከቢሮው መስመር እንዳይከፈት ይደረጋል። ቪዲዮ ይዘጋል፣ የግል ኢሜይል ይዘጋል። ሲዘጋ ማንም የማንንም ምስጢር አያይም። በር እንደመቆለፍ ነው።

ሁለተኛው መቁጠር ነው። የትኛው ኮምፒውተር በስንት ሰዓት የትኛውን ድረ ገጽ እንደከፈተ፣ ስንት ሜጋባይት እንዳወረደ ይመዘገባል። ውስጡ ምን እንደተባለ ግን አይታወቅም። በር ላይ ቆሞ ገቢና ወጪን እንደመቁጠር ነው።

ሦስተኛው ማንበብ ነው። የተጻፈውን ራሱን መክፈት። ይህ ድሮ ቀላል ነበር። ጂሜይል እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2010፣ ያሁ ሜይል ደግሞ በጃንዋሪ 2014 ደብዳቤውን በምስጢር ጠቅልሎ የሚያስተላልፈውን ኤችቲቲፒኤስን ለሁሉም ተጠቃሚ መደበኛ ካደረጉ ወዲህ፣ መሥሪያ ቤቱ መስመሩን ብቻ በማየት ጂሜይል መክፈታችሁን እንጂ በጂሜይል ውስጥ የጻፋችሁትን አያይም። ለማየት በኮምፒውተሩ ላይ የመከታተያ ፕሮግራም መጫን ወይም ሌላ ዘዴ መጠቀም አለበት። በመሥሪያ ቤቱ አድራሻ የተላከ ደብዳቤ ግን በመሥሪያ ቤቱ ሰርቨር ላይ ይቀመጣል። ቁልፉ በእጁ ያለ ሰው ሊከፍተው ይችላል።

አሁን የእትዬን ነገር አስቡት። በዚያ ቢሮ ጂሜይልም ያሁም ተዘግተዋል። ስለተዘጉባቸው በመሥሪያ ቤቱ አድራሻ ጻፉ። በመሥሪያ ቤቱ አድራሻ ስለጻፉ ተነበበባቸው። ክልከላው ራሱ ሊነበብ ወደሚችለው መስመር ገፋቸው ማለት ነው። «ደብዳቤያችሁ ሊነበብ ይችላል» ብሎ አስቀድሞ የነገራቸው ግን የለም። በሩ ላይ ያለው ወረቀት «የተከለከለ ነው» ይላል እንጂ «እናነባለን» አይልም።

የቡካሬስቱ መሐንዲስ

ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። በሌላ አገር እስከ ትልቅ ፍርድ ቤት የደረሰበት ጊዜ አለ። በሮማኒያ ዋና ከተማ በቡካሬስት አንድ ቦግዳን ባርቡሌስኩ የሚባል የሽያጭ መሐንዲስ ነበር። አሠሪው የደንበኞችን ጥያቄ እንዲመልስበት የያሁ ሜሴንጀር አካውንት እንዲከፍት አዘዘው። የድርጅቱ ደንብ የድርጅቱን ኮምፒውተር ለግል መጠቀምን ይከለክላል። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2007 ለስምንት ዘጠኝ ቀን የተጻጻፈው ሁሉ ተመዘገበ። ተጠርቶ ሲጠየቅ «ለሥራ ብቻ ነው የተጠቀምኩት» ብሎ በጽሑፍ መለሰ። ያኔ 45 ገጽ ቅጂ ፊቱ ላይ አኖሩለት። ከወንድሙና ከእጮኛው ጋር የተጻጻፈው ነው፤ ስለ ጤናውና ስለ ጾታ ሕይወቱ የሚያወራም ነበረበት። በኦገስት 2007 ከሥራ ተባረረ።

በአገሩ ፍርድ ቤቶች ተሸነፈ። ወደ አውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ሄደ፤ እዚያም በጃንዋሪ 2016 መጀመሪያ ተሸነፈ። ጉዳዩ ወደ ታላቁ ችሎት ቀረበና ሴፕቴምበር 5 ቀን 2017 በ11 ድምፅ ለ6 ተፈረደለት። ፍርዱ ሠራተኛ በሥራ ሰዓት እንዳሻው ይጫወት አላለም። አሠሪ መከታተል አይችልምም አላለም። ያለው በአጭሩ ይህ ነው፦ የአሠሪ ትእዛዝ የሠራተኛውን የግል ማኅበራዊ ሕይወት ሥራ ቦታ ላይ ወደ ዜሮ ሊያወርደው አይችልም። ስለዚህ የአገሩ ዳኞች መጠየቅ የነበረባቸው ጥያቄዎች አሉ። ሰውየው ክትትል እንደሚደረግና ምን ዓይነት ክትትል እንደሆነ አስቀድሞ ተነግሮታል ወይ? ክትትሉ ምን ያህል ጥልቅ ነው? አሠሪው በቂ ምክንያት ነበረው ወይ? የደብዳቤውን ውስጥ ሳይከፍቱ ዓላማውን ማሳካት አይቻልም ነበር ወይ? ውጤቱስ በሠራተኛው ላይ ምን ሆነ?

መሐንዲሱ ከክሱ ወጪ በቀር የገንዘብ ካሳ አልተሰጠውም። ያም ሆኖ እነዚህ ጥያቄዎች ቀርተዋል። እስቲ በእትዬ ጉዳይ ላይ አንድ በአንድ አንሡዋቸው። እኔ አንሥቼ ለአንዱም «አዎ» የሚል መልስ አላገኘሁም።

መቁጠርም ቢሆን ያለ ማስታወቅ ከሆነ እንደማያስኬድ ያሳየው ደግሞ የኮሌጅ ጉዳይ ነው፤ ለእኛ ይቀርበናል። በዌልስ የካርማርዘንሸር ኮሌጅ ርእሰ መምህር ረዳት የነበረች ሠራተኛ ስልኳ፣ ኢሜይሏና የኢንተርኔት አጠቃቀሟ ሳታውቅ ይከታተል ነበር። መንግሥት «ውስጡን አላየንም፤ ሰዓቱን፣ ቁጥሩንና ርዝመቱን ብቻ ነው» ብሎ ተከራከረ። ያው ፍርድ ቤት ኤፕሪል 3 ቀን 2007 በሰጠው ፍርድ ይህም ቢሆን በግል ሕይወትና በደብዳቤ ልውውጥ ጣልቃ መግባት ነው፣ የሚፈቅድ ሕግም አልነበረም ብሎ ፈረደላት።

የእኛስ ሕግ?

«ይህ የአውሮፓ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ይኖራል። እሺ፣ ወደ አገራችን እንምጣ። የኢ.ፌ.ዴ.ሪ. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል። በዚያው አንቀጽ ማንኛውም ሰው በፖስታ የሚልካቸው ደብዳቤዎች፣ በስልክ፣ በቴሌኮሙኒኬሽንና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች የሚያደርጋቸው ግንኙነቶች እንደማይደፈሩ ተጽፏል። መብቱ የሚገደበው አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖርና ለተለዩ ዓላማዎች በወጣ ዝርዝር ሕግ ብቻ ነው። «ቢሮ እስኪገቡ ድረስ» የሚል ነገር የለበትም።

በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የሰውን የግል መረጃ የሚሰበስብ አካል ሕጋዊ መሠረት እንዲኖረው፣ ዓላማውን እንዲለይ፣ ለዓላማው ከሚያስፈልገው በላይ እንዳይሰበስብና በግልጽነት እንዲሠራ ይጠይቃል። የእናት ሕመም ለሥራ ሰዓት ቁጥጥር የሚያስፈልግ መረጃ ነው የሚል ሰው ካለ ይነሣና ያስረዳኝ።

ከአሠሪና ሠራተኛ አዋጁም አንድ ነገር መማር እንችላለን። አዋጁ ማርፈድን ሠራተኛን ያለ ማስጠንቀቂያ ከሚያሰናብቱ ጥፋቶች መካከል የሚቆጥረው ሠራተኛው በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ካረፈደ ነው። አያችሁ? ለማርፈድ እንኳ ቁጥር አለው፣ ጊዜ አለው፣ ጽሑፍ አለው። የአሥር ደቂቃ ደብዳቤ ግን ቀንና ፊርማ በሌለው ወረቀት ተመርኩዞ በስብሰባ ፊት ያዋርዳል። ይህ ሚዛን ነው?

«ኮምፒውተሩ የማን ነው?»

ከኃላፊዎች ወገን የሚነሣው ትልቁ ክርክር ይህ ነው። ኮምፒውተሩ የመሥሪያ ቤቱ ነው፤ መስመሩም የመሥሪያ ቤቱ ነው፤ ስለዚህ ውስጡ ያለው ሁሉ የመሥሪያ ቤቱ ነው።

ክርክሩ በግማሹ ልክ ነው። ኮምፒውተሩ የመሥሪያ ቤቱ ስለሆነ «ለዚህ ተጠቀሙበት፣ ለዚያ አትጠቀሙበት» ማለት ይችላል። ነገር ግን የቢሮው የመደበኛ ስልክም የመሥሪያ ቤቱ ነበር። አባቶቻችንና እናቶቻችን በዚያ ስልክ «ልጁ ከትምህርት ቤት መጣ?» ብለው ጠይቀዋል። አለቃ «ስልክ አታብዙ» ሲል፣ አንዳንዱም ስልኩን በሳጥን ሲቆልፍ ሰምተናል። ቁልፉን ማንም አልተቃወመም። በሌላው ክፍል መነጋገሪያውን አንሥቶ የሚያዳምጥ አለቃ ግን በሠራተኛው ዘንድ ሌላ ስም ነበረው። ጠረጴዛውም የመሥሪያ ቤቱ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን የሴት ቦርሳ ከፍቶ መበርበር ግን ከጠረጴዛው ባለቤትነት አይመነጭም።

በሌላ በኩል ሠራተኛውም የራሱ ግዴታ አለበት። በመሥሪያ ቤቱ አድራሻ የግል ጉዳይ አለመጻፍ፣ የግሉን በግሉ ማድረግ ጥንቃቄ ነው። ይህን ለእትዬ ማን ነገራቸው? እኛም ብንሆን በክፍል ውስጥ አልተማርነውም።

ስልኩና ቴሌግራሙ

ማስታወቂያው የተለጠፈው ኢንተርኔት በቢሮ ኮምፒውተር ብቻ በሚገኝበት ዘመን ሳይሆን አይቀርም። ዛሬ የሠራተኛው ሁሉ ኪስ ውስጥ ስልክ አለ። ጥቅል የሚገዛ ሰው ቀኑን ሙሉ ፌስቡክ ላይ ቢውል የቢሮው ክልከላ አይነካውም። የሚነካው ጥቅል መግዛት የሚከብደውን ነው። የክፍሉ ኃላፊዎች ኮምፒውተር ደግሞ ምንም አልተዘጋበትም ነበር። እንግዲህ ደንቡ ጊዜን አላዳነም፤ ሰውን በኪሱና በወንበሩ ለየ እንጂ።

ከዚህ የሚከተለው ቀላል ነው። ቁጥጥሩ መሆን ያለበት በሥራው ላይ ነው። ሪፖርቱ በቀኑ ደርሷል ወይ? ባለጉዳዩ ተስተናግዷል ወይ? እነዚህን የሚቆጥር አለቃ ደብዳቤ መክፈት አያስፈልገውም። በሜልቦርን ዩኒቨርሲቲ ብሬንት ኮከር እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ ባደረጉት ጥናት ከቢሮ ጊዜያቸው ከ20 በመቶ ባነሰው ለመዝናናት ኢንተርኔት የሚከፍቱ ሠራተኞች ከማይከፍቱት 9 በመቶ ያህል የተሻለ ይሠራሉ ብለዋል። ይህን ቁጥር ይዛችሁ ነገ ፊልም አውርዱ እያልኩ አይደለም። ባለጉዳይ የተሰለፈበት መስኮትና ዝግ ቢሮ አንድ አይደሉም። የሚያሳየን ትንሽ ዕረፍት ሁሉ ስርቆት እንዳልሆነ ነው።

ደግሞ የተገላቢጦሹንም እንይ። በልምምድ ላይ ሳለሁ የክፍላችን የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ገብቼ ነበር። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ «ነገ ጠዋት ይህ ሠንጠረዥ ተሞልቶ ይቅረብ» ይባላል። እሑድም ይመጣል። ሠራተኛው በራሱ ስልክ፣ በራሱ ጥቅል፣ በራሱ ሰዓት ከፍቶ «እሺ» ይላል። እትዬም «እሺ» ይሉ ነበር። ሥራው ሌሊት ቤታቸው ድረስ ሲመጣባቸው ማንም «የግል ሰዓት ላይ የሥራ መልእክት በጥብቅ የተከለከለ ነው» ብሎ አልለጠፈላቸውም። ቤታቸው ቀን አሥር ደቂቃ ወደ ቢሮ ሲመጣ ግን ጥፋት ሆነ።

እኔ ብለጥፍ

መቃወም ቀላል ነው፤ «ታዲያ ምን ይሁን?» ትሉኝ ይሆናል። አንድ ቀን ኃላፊ ብሆን የምለጥፈውን እነግራችኋለሁ፤ ያኔ ካልፈጸምኩት ይህን ቡለቲን አምጥታችሁ አሳዩኝ።

አንደኛ፣ ደንቡ ቀንና ፊርማ ይኖረዋል። ሠራተኛ ሲቀጠር ይሰጠዋል፤ አንብቦ ይፈርምበታል።

ሁለተኛ፣ ፊልምና ከባድ ፋይል በአገልግሎት ሰዓት ከሁሉም ኮምፒውተር ይዘጋል። የግል ኢሜይል ግን በምሳና በዕረፍት ሰዓት ክፍት ይሆናል። በሥራ መሀል ለአስቸኳይ ጉዳይ አጭር መልእክት መላክ አያስቀጣም፤ ባለጉዳይ እስካልቆመ ድረስ።

ሦስተኛ፣ ምን እንደሚቆጠር፣ ማን እንደሚያየው፣ መቼ እንደሚደመሰስ በጽሑፍ ይነገራል። ሳይነገር የተቆጠረ ነገር ማስረጃ አይሆንም።

አራተኛ፣ ደብዳቤ አይነበብም። ከባድ ጥፋት ተጠርጥሮ የግድ ከሆነ ምክንያቱ አስቀድሞ ይጻፋል፤ ሠራተኛው ባለበት፣ ከአንድ በላይ ሰው ሆኖ፣ ለጉዳዩ የሚያስፈልገው ብቻ ይታያል። በስብሰባ ላይ ጮክ ብሎ ማንበብ በምንም ምክንያት አይፈቀድም።

አምስተኛ፣ ደንቡ ለኃላፊውም ለተላላኪውም አንድ ነው።

ስድስተኛ፣ ከሥራ ሰዓት ውጪ የሥራ መልእክት አይላክም። ከተላከም እንደ ሥራ ይቆጠራል።

ይህ ሁሉ አንድ ገጽ አይሞላም። በሩ ላይም ይበቃል።

ልምምዴን ከመጨረሴ በፊት ያየሁትን አንድ ነገር ነግሬያችሁ ላብቃ። ከስብሰባው በፊት እትዬ የወር መጨረሻ ሪፖርት ሲደርስ እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ይቆዩ ነበር። ትርፍ ሰዓት ተብሎ የሚከፈላቸው አልነበረም። ጥበቃው መብራት ሲያጠፋ «ትንሽ ቀረችኝ» ሲሉ እሰማቸው ነበር። ከስብሰባው በኋላ በመጣው ወር መጨረሻ 11፡30 ሲል ኮምፒውተራቸውን ዘጉ፤ ቦርሳቸውን አነሡ፤ ወጡ። በማግስቱም እንዲሁ። ከማንም ጋር አልተጣሉም፤ ምንም ደንብ አልጣሱም። ሪፖርቱ ግን በዚያ ወር በአራት ቀን ዘገየ።

በሰው ኃይል አስተዳደር ኮርስ «የሠራተኛ ተነሣሽነት» የሚል ምዕራፍ ተምረናል፤ ፈተናም ተፈትነንበታል። እኔ የገባኝ ግን ያን ዕለት 11፡30 ላይ ነው። መሥሪያ ቤቱ አሥር ደቂቃ አስመልሷል። ምን እንደከፈለበት ግን ማንም አልቆጠረም።